የዛገ የጀልባ ሞተር፦ ከመፋቁ በፊት ምን መታወቅ አለበት?

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ሎጎ ሐይቅ ዳርቻ የወረደ ሰው፣ ከታንኳዎቹ መካከል ከኋላው ሞተር የታሰረበት ጀልባ ሊያይ ይችላል። ይህ ሞተር ከጀልባው አካል ጋር አብሮ የተሠራ አይደለም፤ በሁለት ማጥበቂያ ብሎኖች የኋለኛውን ጣውላ ነክሶ ይቀመጣል፣ ሲፈለግም ተነቅሎ በትከሻ ይወሰዳል። ከላይ ሞተሩ ራሱ፣ ከመካከል ረዥም እግሩ፣ ከታች ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚገባው የጊር ሳጥንና ፕሮፔለሩ አሉ። ዕድሜው ሲገፋ ብሎኖቹ ይጣበቃሉ፣ እግሩ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ማጥበቂያው ቀይ ዝገት ይለብሳል፤ ከዚያም ሞተሩ ወደ ጓሮ ይጣልና በሸራ ተሸፍኖ ዓመታት ያስቆጥራል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት እምነቶች ተስፋፍተው ይገኛሉ። አንደኛው ሐይቁ ባሕር ስላልሆነ ሞተር አይበላም የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ዝገት የሚያስለቅቅ ነገር ሁሉ ለሞተሩ መልካም ነው የሚለው ነው። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ የሁለተኛው ጉዳት ግን ይከፋል። እስካሁን ካየኋቸው ተበላሽተው ከተጣሉ ሞተሮች ብዙዎቹን ለጥፋት ያበቃቸው ዝገቱን ለማስለቀቅ የተደረገው ጥድፊያ ነው። ስለዚህ ከመፋቂያው በፊት መቅደም ያለበት ጥያቄ የተበላው ክፍል ከምን ዓይነት ብረት ተሠራ የሚለው ነው።

ዝገት ሲባል ምን ማለት ነው?

ብረት ከማዕድን አፈር ተለይቶ በእሳት የወጣ ነገር ነው፤ ውሃና ኦክስጅን አንድ ላይ ባገኘ ቁጥር ወደ ቀድሞ አፈርነቱ ለመመለስ ያዘነብላል። ይህ መመለስ ዝገት ይባላል። ቀዩ ዝገት ከተበላው ብረት በርካታ እጥፍ ቦታ የሚይዝ፣ የሚፈረፈርና ውሃ የሚመጥ ስለሆነ ሥሩ ያለውን ብረት አይጠብቀውም፤ ይልቁንም እርጥበቱን አቅፎ ይይዝበታል። ክረምቱን ውጭ የከረመ ማረሻ በመስከረም ሲታይ ቅርፊት በቅርፊት ላይ ተነሥቶበት የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሉሚኒየም ጠባይ ከዚህ ይለያል። አሉሚኒየም አየር እንደነካው በዓይን የማይታይ ስስ ቆዳ ያበጃል፤ ቆዳው ጠንካራና ውሃ የማያስገባ በመሆኑም መበላቱ እዚያው ላይ ይቆማል። የወጥ ቤቱ የአሉሚኒየም ድስት ለዓመታት ውሃ እየፈላበት የማይበሳው ቆዳው ስለሚጠብቀው ነው። ነገር ግን ያው ድስት የቲማቲም ወጥ ሲያድርበት ውስጡ ይነጣጠባል፣ ምክንያቱም ኮምጣጣ ነገር ቆዳውን ያሟሟዋል። በጀልባ ሞተር ላይ ቆዳው የተቀደደበት ቦታ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ዱቄቱ ሲጠረግ ሥሩ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ። ብዙ ሰው ይህን ዱቄት የውሃ ኖራ ነው ብሎ በጨርቅ አብሶ ያልፈዋል፤ ዱቄቱ ግን ከሞተሩ አካል የተቆረሰ አሉሚኒየም ነው።

መዳብና ነሐስ ደግሞ አረንጓዴ ሻጋታ የሚመስል ነገር ይለብሳሉ። እነርሱ ብዙ የማያስጨንቁ ናቸው፤ የሚያስጨንቀው ለጎረቤቶቻቸው የሚያመጡት ጣጣ ነው።

ሞተሩ ከዚህ ሁሉ ብረታ ብረት ለምን ተቀላቅሎ ተሠራ?

በኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሊ ኢቪንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 ለገበያ ያቀረበው ሞተር አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ክብደቱ ግን 28 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። የጆንሰን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጡት ሞተር ሁለት የፈረስ ጉልበት ይዞ 16 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ የመዘነው አካሉ በአሉሚኒየም በመሠራቱ ነው። ሰው ተሸክሞት እስከ ውሃው ዳር የሚሄድ ዕቃ ቀላል መሆን ስላለበት፣ አሉሚኒየም የዚህ ሞተር ዋና አካል ሆኖ ቀረ። ኃይል የሚሸከሙት ዘንጎችና ጊሮች ግን ጠንካራ ብረት መሆን ነበረባቸው፤ በየቦታው ነሐስ ገባ፣ ብሎኖቹም ብዙ ጊዜ ከማይዝግ ብረት ተሠሩ። በዚህም የተነሣ በአንድ እግር ውስጥ አራት ዓይነት ብረታ ብረት እየተነካካ ውሃ ውስጥ ይነከራል።

የባሕር ጨው በሌለበት ሐይቅ ሞተር ለምን ይበላል?

የመጀመሪያው ምክንያት ከውሃው ጠባይ ይመነጫል። ሎጎ ሐይቅ ውሃ ይገባበታል እንጂ በምድር ላይ የሚፈስ መውጫ የለውም። ወንዝና ጎርፍ ይዘውት የሚመጡት ማዕድን፣ ውሃው በፀሐይ ሲተን እዚያው ይቀራል፤ በዘመናት ብዛትም ውሃው ወደ ሳሙና ጠባይ የሚያደላ፣ በሳይንሱ አጠራር አልካላይን የሚባል ሆኗል። የዚህ ጠባይ መለኪያ ፒኤች ይባላል፤ ንጹሕ ውሃ 7 ላይ ሲቆም፣ ከዚያ በታች ያለው ወደ ሎሚ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ሳሙና ጠባይ ይሄዳል። የአሉሚኒየም ቆዳ ጸንቶ የሚኖረው ከ4 እስከ 8.5 ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን የሎጎ ሐይቅ ውሃ በላይኛው ጠርዝ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ሞተሩን በአንድ ወቅት አይበላውም፤ የተቧጠጠውን ቦታ ግን ቶሎ እንዳይሽር ያደርገዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ብርቱ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች እየተነካኩ እርጥበት ውስጥ ከተቀመጡ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ይፈሳል፣ ከሁለቱ ደካማው ይበላል፣ ብርቱው ይተርፋል። ይህን ለማየት ከእጅ ባትሪ ውስጥ ሳይወጣ የከረመን ተራ የባትሪ ድንጋይ ማስታወስ ይበቃል፤ የዚንክ ቆርቆሮው ከውስጥ ተበልቶ ተበስቶ ፈሳሽ ያወጣል። ከደካማው ወደ ብርቱው ሲቆጠር ማግኒዚየም፣ ዚንክ፣ አሉሚኒየም፣ ብረት፣ መዳብና ነሐስ ይከተላሉ፤ የማይዝግ ብረትም ከብርቱዎቹ ጎን ይሰለፋል። በአሉሚኒየም እግር ውስጥ የገባ የማይዝግ ብሎን እርሱ እያበራ ዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ዱቄት የሚሆነው በዚህ ሕግ ነው።

እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 ይህንኑ ሕግ ገልብጦ ለጥበቃ ተጠቀመበት። የመርከብ ሆድ የሚሸፍነው መዳብ በባሕር ውሃ እንዳይበላ፣ ከእርሱ የደከመ ብረት ወይም ዚንክ አጠገቡ አሠረለት፤ ባሕሩ ደካማውን በልቶ መዳቡን ተወው። በወሎ ከተሞችና ገጠሮች ጣሪያ ላይ ያለው ቆርቆሮም በከፊል የሚጠበቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዚንኩ ሲጫር እንኳ በአካባቢው እየተበላ ብረቱን ያቆየዋል። በጀልባ ሞተር እግር ላይ የሚታሰረው ግራጫ ቁራጭ ብረት ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ሲሆን፣ ስለ ሌላው የሚሞት በመሆኑ በዚህ ጽሑፍ ቤዛ ተብሎ ይጠራል።

ከመፍታት በፊት ምን ይታያል?

ቤንዚኑ ከታንከሩም ከካርቡሬተሩም ተቀድቶ ከሥራው ቦታ ይራቅ፤ የካንዴላው ገመድ ይነቀል። ከዚያ ማግኔት ተይዞ እያንዳንዱ ክፍል ይነካ። ማግኔት የሚይዘው ብረት ነው፤ የማይይዘው አሉሚኒየም፣ የዚንክ ቅይጥ፣ ነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ሊሆን ይችላል። ይህ የደቂቃዎች ሥራ በኋላ የሚመጣውን ውሳኔ ሁሉ ይመራል። እያንዳንዱ ክፍል ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣትም ከብዙ ግምት ያድናል።

ቀጥሎ የጊር ሳጥኑ ዘይት በንጹሕ ጣሳ ይቀዳ። ጥቁር ወይም የማር ቀለም ያለው ከሆነ ደግ ነው። ወተት እንደ ገባበት ቡና ከመሰለ ግን ጎሚኒው፣ ማለትም ውሃ እንዳያልፍ ዘንጉን ዙሪያ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት፣ ተበልቶ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ውጫዊው አካል ምንም ቢያምር ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎችና ጊሮች ሳይታዩ ሥራው ሊቀጥል አይገባም።

የተጣበቀ ብሎን እንዴት ይፈታል?

አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማብራራት ይገባል። ብሎኑን የያዘው ጥብቀቱ ብቻ አይደለም። በጥርሱና በቀዳዳው መካከል የነበረው ስስ ክፍተት በነጩ ዱቄት ተሞልቷል፤ ዱቄቱም ከወጣበት ብረት የሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ ብሎኑን ከዙሪያው ጨምቆታል። ነገሩ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ የእንጨት ሽብልቅ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እንደሚያደርገው ነው። በረዥም ቁልፍ ማስገደድ ታዲያ የሚፈታው ዱቄቱን ሳይሆን የብሎኑን ራስ ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ጊዜ ነው። የብሎኑ ዙሪያ በማይዝግ ሽቦ ብሩሽ ይጠረግ፤ ወደ ውስጥ የሚሠርግ ቀጭን ዘይት ይንጠብበት፤ ራሱ በመዶሻ በቀስታ ደጋግሞ ይመታ፤ ከዚያ ለማግስቱ ይተው። መምታቱ ዱቄቱን ስለሚሰነጥቀው ዘይቱ መንገድ ያገኛል። በማግስቱ ቁልፉ ሲገባ ብሎኑን መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት መሞከር፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥርም ዘይት እየጨመሩ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ይገባል። አንድ ብሎን ሦስት ቀን ቢወስድ ብዙ አይደለም።

ጊዜው ብቻውን ካልበቃ ሙቀት ይታከልበታል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከተራ ብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው አሉሚኒየም በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ 0.23 ሚሊ ሜትር ሲረዝም፣ የዚያው ልክ ብረት 0.12 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይረዝማል። ስለዚህ የሚሞቀው በብሎኑ ዙሪያ ያለው አሉሚኒየም መሆን አለበት፤ ቀዳዳው ከብሎኑ ቀድሞ ይሰፋና ጨመቃው ይላላል። አስቀድሞ የተነጠበው ዘይት ተጠርጎ መወገድ ይኖርበታል፣ እሳት ይይዛልና። ሌላው አደጋ ብረት ሲግል እንደሚቀላው አሉሚኒየም የማይቀላ መሆኑ ነው፤ ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ፣ ቅይጦቹ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ቀለማቸውን ሳይቀይሩ በድንገት ይቀልጣሉ። የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት እየተንጫጫ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ሙቀቱ ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው።

ብሎኑ ከተሰበረም ተስፋ አይቆረጥም። የብሎኑ ጉቶ ከላይ ብቅ ያለ ከሆነ ብልህ በያጅ ዳዶ ደርቦ ሊበይድበት ይችላል፤ ብየዳው ለቁልፍ መያዣ ከመስጠቱም ሌላ የሚፈጥረው ሙቀት ጥብቀቱን ይሰብረዋል። ከውስጥ ከተሰበረ መሃሉ ላይ በትክክል ነጥብ ተመትቶ፣ ከቀጭን ወደ ወፍራም መሰርሰሪያ እየተሻገሩ መብሳት ያስፈልጋል። መሰርሰሪያው ብሎኑን ትቶ ለስላሳውን አሉሚኒየም ስለሚመርጥ ይህን በእጅ ከመሞከር፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ወዳለ የቶርኖ ባለሙያ ወስዶ ማሠራት ይሻላል። ጥርሱ የጠፋ ቀዳዳም ሰፍቶ ተበስቶ እንደ ሞላ የተጠቀለለ የብረት ጥርስ ሊገባበት ይችላል፤ ይህ ጥገና በሚገባ ከተሠራ ከቀድሞው ጥርስ አያንስም።

ዝገቱ በምን ይለቀቃል?

ማግኔት የያዘውና ማግኔት ያልያዘው በአንድ ባልዲ ውስጥ መግባት የለባቸውም።

ለተራ ብረት አቼቶ ወይም የሎሚ አሲድ የተበጠበጠበት ውሃ ይስማማል። ዝገቱን ከአንድ ሌሊት እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ያለሰልሰዋል፤ ከወጣ በኋላ በውሃ መታጠብ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ መለቅለቅ፣ ወዲያው መድረቅና ዘይት መቀባት አለበት፣ አለዚያ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ይቀላል። ሞላዎችና ጠንካራ ሆነው የተቀጠቀጡ ብረቶች ግን አሲድ ውስጥ መቆየት የለባቸውም፤ አሲዱ ሲሠራ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ውስጥ ሰርጎ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ያደርጋቸዋል።

የልብስ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ በባትሪ ቻርጀር ዝገት ማስለቀቅም ይቻላል። የዛገው ብረት ከኔጋቲቩ፣ አንድ ቁራጭ ተራ ብረት ከፖዘቲቩ ጋር ይያያዛል፤ ዝገቱ ይላላል፣ ደኅናው ብረት ግን አይነካም። ለፖዘቲቩ የማይዝግ ብረት መጠቀም ክልክል ነው፣ በውስጡ ያለው ክሮሚየም ወደ ውሃው ሲወጣ መርዛማ ስለሚሆን። የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ በመሆኑም ሥራው ደጅ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ መሠራት አለበት።

አሉሚኒየም በዚህ የሶዳ ውሃ ውስጥ ከገባ ይበላል። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ጨርሶ ያሟሟዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጀልበኛ ቅባቱ እንዲለቅለት ብሎ ካርቡሬተሩን ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ አሳድሮት ጠዋት ሲያወጣው ጠቁሮ፣ ጠርዞቹ ተሸራርፈው፣ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹ ሰፍተው አገኘው። ሞተሩ ለዚያ አንድ ክፍል ሲል ቆሞ ቀረ፤ ሰውየው ያን ዕቃ በእጁ እያገላበጠ ሲያሳየኝ የተሰማኝ ኀዘን ይህን ጽሑፍ ካስጻፉኝ ነገሮች አንዱ ነው። ካርቡሬተሮች የሚሠሩት ከአሉሚኒየም ወይም ከዚንክ ቅይጥ ሲሆን ሁለቱም ብርቱ አልካሊ አይችሉም።

ለአሉሚኒየም የሚስማማው ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ የዕቃ ሳሙና፣ የናይለን ብሩሽና ትዕግሥት ነው። ነጩ ዱቄት በማይዝግ ሽቦ ብሩሽ ወይም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጉድጓዱ ብሩህ ብረት እስኪያሳይ ድረስ ይጠረጋል። ተራ የብረት ብሩሽ አይነካውም፤ የብሩሹ ብናኝ አሉሚኒየሙ ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና እያንዳንዱ ብናኝ ቀደም ሲል የተገለጸው ትንሽ ባትሪ ይሆናል።

የትኛው ክፍል ይድናል፣ የትኛውስ መለወጥ አለበት?

ጭነት የማይሸከም ግድግዳ ላይ ያለ ጉድጓድ ለብረት በተሠራ ኤፖክሲ ተሞልቶ ሊስተካከል ይችላል። ጋስኬት የሚያርፍበት ገጽ ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ፣ ብርጭቆ ወረቀት በወፍራም መስታወት ላይ ተዘርግቶ በላዩ እየተሻሸ ይስተካከላል። ዝገት የነጣጠበው ኩሽኔታ ግን ምንም ቢወለወል አይመለስም፤ የማገናኛ ዘንግም ከጎደጎደ ከዚያ ጉድጓድ ጀምሮ መሰንጠቁ አይቀርም። የፕሮፔለር ዘንጉ ጎሚኒ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ከተበላ ደግሞ አዲስ ጎሚኒ ቢገባም ውሃው ያልፋል።

ቅቡ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የት ነው?

የድሮ ሞተር ቅብ እርሳስ፣ የመጀመሪያው ቢጫ ሽፋኑም መርዛማ ክሮሜት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፋቅም፤ ውሃ እየነከሩ፣ አፍና አፍንጫን በጭምብል ሸፍኖ፣ ልጆች በሌሉበት መፋቅ ያስፈልጋል።

አሉሚኒየም ከተፋቀ በኋላ ቆዳውን ወዲያው ስለሚያበጅ የመጀመሪያው ቅብ በዚያው ቀን መቀባት አለበት። ለመስኮት ፍርግርግ የሚቀባው ቀይ አንቲረስት ለዚህ አይሆንም፣ የተዘጋጀው ለተራ ብረት ነው። ለአሉሚኒየም ኤፖክሲ ወይም ብረቱን ጥቂት እየነከሰ የሚይዝ የመጀመሪያ ቅብ ያስፈልጋል። መዳብ ያለበት የጀልባ ቅብ እግሩ ላይ ከተቀባ ደግሞ ሞተሩን ከጠላቱ ጋር እንደ ማጋባት ነው።

ቤዛው የሚመረጠው እንዴት ነው?

የቤዛው ዓይነት በውሃው ዓይነት ይወሰናል። ዚንክ ለባሕር ነው፤ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ጠንካራ ሽፋን ይለብስና እዚያው ላይ እንዳለ ሥራውን ያቆማል። ለንጹሕ ውሃ ማግኒዚየም፣ ለንጹሕም ማዕድን ለበዛበትም የሚያገለግለው ደግሞ ለቤዛነት ተብሎ የተቀመመው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። በሎጎ ሐይቅ ዓይነት ውሃ ላይ የመጨረሻውን ብመርጥ እወዳለሁ፣ ማዕድን በበዛበት ውሃ ማግኒዚየም ፈጥኖ ያልቃልና። ያገለገለ ሞተር ሲገዛ የተገኘው ቤዛ አዲስ መስሎ ከታየ ደስ ሊያሰኝ አይገባም፤ ካልተበላ አልሠራም ማለት ነው፤ ምናልባትም የተነካካበት ቦታ ቅብ ወይም ዝገት ጣልቃ ገብቶበታል። ቤዛ ከተራቆተ ብረት ጋር ተነካክቶ ይታሰራል፣ ፈጽሞ አይቀባም፣ ግማሹ ሲበላም ይለወጣል።

ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላስ?

እያንዳንዱ ብሎን ከመግባቱ በፊት ውሃ የሚችል፣ መዳብ የሌለበት ግራሶ ጥርሱ ላይ ይቀባ። የጊር ሳጥኑ በአዲስ ዘይት ይሞላ፤ ለውሃ ፓምፑም አዲስ ጎማ ይግባለት። ሞተሩ የመጀመሪያ ጊዜ የሚነሣው በርሜል ውሃ ውስጥ እግሩ ተነክሮ ነው፤ በደረቅ ከተነሣ የፓምፑ ጎማ ወዲያው ይቃጠላል። በተነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከጎኑ ቀዳዳ ውሃ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ የማቀዝቀዣው መተላለፊያ በድሮ ዱቄትና ኖራ ተደፍኗልና ሞተሩ ይጥፋ። ከጥቂት ሰዓታት ሥራ በኋላም የጊር ሳጥኑ የታችኛው ብሎን ጥቂት ላልቶ ዘይቱ እንደገና ይታይ፤ ነጣ ብሎ ከወጣ ጎሚኒው አልያዘም፣ ሞተሩም ወደ ሐይቁ ከመውረዱ በፊት እንደገና ይፈታል።